«የቀን ሠራተኛ»፦ የካፒቴን ኩክን አባት በአጥቢያ መዝገብ ስንከተለው

በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ፣ ማርተን የምትባል የገጠር መንደር ነበረች፤ ዛሬ የሚድልስብሮ ከተማ ሰፈር ሆናለች። በቅዱስ ከትበርት ቤተ ክርስቲያኗ የክርስትና መዝገብ ላይ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1728 አንድ ሕፃን ክርስትና መነሣቱ ተጽፏል (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ስሙ ጄምስ፣ የጄምስ ኩክ ልጅ፣ የአባቱ ሥራ የቀን ሠራተኛ። የተጻፈው ይኸው ነው፤ የእናቱ ስም እንኳ የለም።

ከዚያ በስተምሥራቅ ባሕሩ ዳር ባለችው በማርስክ መንደር፣ በቅዱስ ጀርሜን ቤተ ክርስቲያን የቀብር መዝገብ ላይ ደግሞ፣ በኤፕሪል 1779 የአንድ ሽማግሌ ስም ይገኛል። ጄምስ ኩክ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ዕድሜ 85።

የመጀመሪያው መዝገብ አባትና የሁለተኛው መዝገብ ሟች አንድ ሰው ናቸው። በሁለቱ መስመሮች መካከል ሃምሳ ዓመት ከአምስት ወር አለ። እነዚህን ሁለት መስመሮች ብቻ ያገኘ የልጅ ልጅ ምን ይላል? «አያቴ ዕድሜውን ሙሉ በቀን ምንዳ ኖሮ በቀን ምንዳ ሞተ» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። በመካከሉ ሰውየው የአንድ ባለርስት እርሻ ኃላፊ ሆኖ ኖሯል፤ በጉበኑ ላይ የራሱና የሚስቱ ስም ምልክት የተቀረጸበት ቤትም ነበረው። መዝገቡ አልዋሸም፤ የጻፈው ግን በተጻፈበት ቀን ያለውን ብቻ ነው። የእንግሊዝ ገበሬ ዘሩን በመዝገብ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ያለ አይመስለኝም፤ ለዚህም ነው ይህን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ልከተለው የወደድሁት።

ማርተን ላይ ክርስትና የተነሣው ሕፃን በኋላ ዓለምን በመርከብ የዞረው ካፒቴን ጄምስ ኩክ ነው። ስለ ልጁ ብዙ ተብሏል። የካፒቴኑ ስድስት ልጆች ግን ዘር ሳይተኩ ስላለፉ፣ ዛሬ ሽማግሌውን ጄምስን «ቅድመ አያቴ» ሊል የሚችል ሰው የሚመጣው በሴት ልጆቹ በኩል ነው። ለእኔ ጉዳዩን የሚያስወድደው ሌላ ነገር ነው። አባትየው እንደ ማንኛውም የዘመኑ ገበሬ ደብዳቤም ሥዕልም አልተወም። በልጁ ዝና ምክንያት ግን ስሙ ያለበት ቅጠል ሁሉ ተገላልጦ ታይቷል። ስለዚህ መዝገብ ስለ አንድ ድሃ ሰው ምን እንደሚናገር፣ ምን እንደሚደብቅም እዚህ ላይ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል።

መዝገቡን ከመግለጣችን በፊት

የእንግሊዝ አጥቢያዎች ክርስትናን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲይዙ የታዘዙት በ1538፣ በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን፣ በሹሙ በቶማስ ክሮምዌል ነው። በ1598 ደግሞ መዝገቡ በብራና ላይ እንዲገለበጥና በየዓመቱ ግልባጩ ወደ ሀገረ ስብከቱ እንዲላክ ታዘዘ። ይህ ግልባጭ የፈላጊ ሁለተኛ ዕድል ነው፤ ዋናውን አይጥ ቢበላው ወይም ውሃ ቢያበላሸው ግልባጩ ሊተርፍ ይችላል። የዮርክ ሀገረ ስብከት ግልባጮች ዛሬ ዮርክ ከተማ በቦርትዊክ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

ትልቁ ችግር ሥራና መኖሪያ ነው። በክርስትና መዝገብ ላይ የአባት ሥራና የመኖሪያ ቦታ እንዲጻፍ በታተመ ቅጽ የታዘዘው ከ1813 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ በቄሱ ፈቃድ ነበር። አንዱ ቄስ «የቀን ሠራተኛ» ብሎ ይጨምራል፣ ጎረቤቱ ስም ብቻ ጽፎ ያልፋል። ስለዚህ በ1728 የማርተን መዝገብ ላይ ያቺ አንዲት ቃል መኖሯ ዕድል ነው፤ ዕድል ከሆነች ደግሞ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል።

ቃሏም የምትመስለውን ያህል ባዶ አይደለችም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ እርሻ ላይ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ነበር። ያላገባው ወጣት ለዓመት ይቀጠርና ከጌታው ቤት እያደረ፣ ከጌታው ማዕድ እየበላ እንደ ሎሌ ይኖራል። ያገባው ግን የራሱ ጎጆ ይኖረዋል፤ ሥራ ባለ ቀን ይሠራል፣ ለቀኑ ይከፈለዋል። ቄሱ «የቀን ሠራተኛ» ሲል ድህነቱን ብቻ አልነገረንም፤ ሰውየው ጎጆ የወጣ፣ ሚስትና ምድጃ ያለው መሆኑንም ነግሮናል። ከስሙ ቀጥላ የመጣችው ቃል የሥራውንም የቤቱንም ፍንጭ ይዛለች።

ሌላው ለእኛ እንግዳ የሚሆነው ስሙ ነው። በእኛ ደንብ ቢሆን ልጁ «ጄምስ ጄምስ» በተባለ ነበር። እነሱ ዘንድ ኩክ የቤተሰብ ስም ነው፤ ሚስት ስታገባ ትወስደዋለች፣ ልጅ ይወርሰዋል፣ የልጅ ልጅም ይዞት ይቀጥላል። አባትና ልጅ አንድ ዓይነት የክርስትና ስም ሲኖራቸው ደግሞ መዝገቡ ላይ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው ዕድሜ፣ ሥራና ቦታ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ አባትየውን «ጄምስ» ብቻ እላለሁ፤ ልጁን «ካፒቴኑ»፣ ገና ልጅ ሳለም ቢሆን።

ከመቃብሩ ወደ ኋላ

ዘር የሚፈልግ ሰው ከሚያውቀው ይነሣል፤ የሚታወቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ነው። የማርስክ መዝገብ ዕድሜውን 85 አለ። ከ1779 ላይ 85 ሲቀነስ ልደቱ በ1693 ወይም በ1694 ይውላል። ቤተሰቡ መሠረቱ ስኮትላንድ መሆኑ ይነገር ስለነበር ፍለጋው ድንበሩን ተሻግሮ ኤድናም ወደምትባል መንደር ይሄዳል፤ ከኬልሶ ከተማ አጠገብ ናት። እዚያ ጆን ኩክና ጂን ደንከን በ1693 ተጋብተዋል፤ በማርች 1694 ደግሞ ጄምስ የሚባል ልጅ ክርስትና አስነሥተዋል። ከማርች 1694 እስከ ኤፕሪል 1779 ሲቆጠር 85 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ይመጣል። ማርስክ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ከኤድናም ክርስትና ጋር ልክ ይገጥማል። የገጠር ሰው ዕድሜ በግምት በሚጻፍበት ዘመን እንዲህ መግጠሙ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። በእንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ የሚለወጠው ጃንዋሪ 1 ሳይሆን ማርች 25 ነበር። በጃንዋሪ፣ በፌብሩዋሪና በማርች መጀመሪያ የተደረገ ነገር ሁሉ በአሮጌው ዓመት ቁጥር ይጻፋል። ስኮትላንድ ግን ከ1600 ጀምሮ ጃንዋሪ 1ን የዓመት መጀመሪያ አድርጋ ነበር። ስለዚህ በኤድናም «ማርች 1694» የተባለው እውነተኛው 1694 ነው፤ ያው ክርስትና በዚያው ሰሞን ድንበሩን አልፎ በእንግሊዝ መንደር ቢነሣ ኖሮ ቄሱ 1693 ብሎ ይጽፈው ነበር። መስከረም ላይ ዓመት ለሚለውጥ ለእኛ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ከፈረንጅ ዘመን ሰባት እንቀንስ ወይስ ስምንት ብለን መጀመሪያ ወሩን የምናየው ለዚሁ አይደል? በእንግሊዝ መዝገብ ላይ ግን ያንን ልማዳችንን በራሳቸው አገር ውስጥ መጠቀም ያስፈልጋል። ይህን የረሳ ሰው ልጅ ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት የተወለደ፣ ሟች ከመሞቱ በኋላ ልጅ የወለደ እየመሰለው ይደናገራል።

አንድ ሌላ ልማዳችን ደግሞ ሊያሳስተን ይችላል። እኛ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለምትነሣ፣ የክርስትናውን ቀን ስናውቅ ልደቱን ቆጥረን እንደርስበታለን። በእንግሊዝ እንዲህ ያለ የጸና ቁጥር የለም። ካፒቴኑ የተወለደው ኦክቶበር 27 ሲሆን ክርስትና የተነሣው በሳምንቱ ነው፤ ሌላው ቤተሰብ በቀናት ውስጥ፣ ሌላው በወራት ያደርገዋል።

ከኤድናም በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ጸጥታ ነው። ጄምስ እንደገና ብቅ የሚለው ኦክቶበር 10 ቀን 1725 ነው፤ በዮርክሻየር የስቴይንተን አጥቢያ ግሬስ ፔስ የተባለች የአካባቢውን ልጅ ያገባል። ግሬስ ማለት ጸጋ ማለት ነው። ከአገሩ ሲወጣ እናቱ «እግዚአብሔር ጸጋውን ይስጥህ» ብላ መረቀችው፣ እርሱም ሄዶ ጸጋን አገኘ ይባላል። ወግ ነው፤ መዝገብ አያጸናውም። ቢሆንም እናት ከልጇ ስትለይ የምትለውን ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚል ወግ ነው።

ከጋብቻው በኋላ መጀመሪያ የተቀመጡት ሞርተን ነው፤ በኦርምስቢ አጥቢያ ያለች ሰፈር ናት። ካፒቴኑ ሲወለድ ደግሞ ማርተን ናቸው። ሞርተንና ማርተን! በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ነው፣ በስሙ መካከል ያለው ደግሞ አንድ ፊደል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቄስ በላባ ብዕር የጻፈውን የሚያነብ ሰው በዚች አንዲት ፊደል ቤተሰቡን ወደ ሌላ አጥቢያ ሊሰድደው ይችላል። መፍትሔው ፊደሏን አጉልቶ ማየት ብቻ አይደለም። መዝገቡ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሞርተን የኦርምስቢ ናት፣ ማርተን የራሷ ቤተ ክርስቲያን አላት።

የማርተኑ ቤት በጭቃ የተሠራ ትንሽ ጎጆ ነበር። በ1786 የቦታው አዲስ ባለቤት ትልቅ ቤት ለመሥራት አፈረሰው። ሥፍራው ጠፍቶ እንዳይቀር በ1858 ሄንሪ ቦልኮው የተባለ የብረት ፋብሪካ ባለቤት የግራናይት ድንጋይ ማሰሮ አቆመበት፤ ዛሬ ስቱዋርት ፓርክ በሚባለው መናፈሻ ውስጥ አለ። የቀን ሠራተኛ ቤት ዕጣው ይህ ነው፤ ከመዝገቡ በፊት ቤቱ ይሞታል።

ኤርሆልም፣ እና አንድ የመቃብር ድንጋይ

በ1736 ቤተሰቡ ወደ ደቡብ ተነሣ። ጄምስ በግሬት ኤይተን አጥቢያ፣ በሮዝቤሪ ቶፒንግ ተራራ ጥግ ባለው በኤርሆልም እርሻ ሥራ አገኘ። የእርሻው ባለቤት የመንደሩ ባለርስት ቶማስ ስኮቶው ነበር። የጄምስ አዲስ ሥራ በሰሜን እንግሊዝ አነጋገር «ሃይንድ» ይባላል፤ ባለርስቱን ወክሎ እርሻውን የሚመራ፣ ሠራተኞቹን የሚያዝ፣ ዘሩንና ከብቱን የሚቆጣጠር ሰው ማለት ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ከቀን ምንዳ ወደ እርሻ ኃላፊነት ማደጉ ነው። በግሬት ኤይተን ማይክል ፖስትጌት በ1704 ያቋቋመው ትምህርት ቤት ነበር፤ ካፒቴኑ እዚያ የተማረው የትምህርቱን ክፍያ ስኮቶው እየከፈለለት እንደሆነ ይነገራል። ለሠራተኛው ልጅ ባለርስቱ ከከፈለ፣ በሠራተኛው ላይ ያለውን እምነት ያሳያል።

ነገር ግን ይህ እድገት በክርስትናና በቀብር መዝገብ ላይ በፍጹም አይታይም። የቤተሰቡ ዱካ በግሬት ኤይተን የሚታየው በሌላ መንገድ ነው፤ በልጆች ሞት።

በግሬት ኤይተን የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የቤተሰቡ የመቃብር ድንጋይ አለ። ሜሪ ጁን 30 ቀን 1737፣ በአምስተኛ ዓመቷ። ሜሪ ጁን 17 ቀን 1741፣ በ10 ወር ከ6 ቀኗ። ጄን ሜይ 12 ቀን 1742፣ በአምስተኛ ዓመቷ። ዊልያም በጃንዋሪ 29፣ በ2 ዓመት ከ11 ወር ከ16 ቀን ከ7 ሰዓቱ። ከእነሱ በታች ጆን፣ ሴፕቴምበር 1750፣ በሃያ ሦስተኛ ዓመቱ። በመጨረሻም እናታቸው ግሬስ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1765።

ሁለት ሜሪ ያሉት ጸሐፊው ተሳስቶ አይደለም። የመጀመሪያዋ ሜሪ ሞተች፤ በኋላ የተወለደችው ሴት ልጅ የሞተችውን ስም ተሰጣት፤ እርሷም ዓመት ሳትሞላ ሄደች። እኛ ከሞተ ልጅ በኋላ የመጣውን ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ እንለዋለን፤ ስሙ ራሱ ሐዘኑን ይናገራል። እነሱ የሞተውን ስም መልሰው ይሰጣሉ። መዝገብ ለሚያነብ ሰው ይህ ልማድ ከባድ መሰናክል ነው። ሁለተኛዋ ሜሪ መወለዷን አይቶ የመጀመሪያዋን ሞት ያልፈለገ ሰው፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ የ1732ቷን ሕፃን በ1741 ይቀብራታል። ደንቡ አንድ ነው፤ በአንድ ቤት አንድ ስም ሁለቴ ከታየ፣ በመካከሉ ቀብር ፈልግ።

የዊልያምን መስመር ግን እንደ ማስረጃ ብቻ አንብቦ ማለፍ አልችልም። 7 ሰዓት። ማን ነው የልጁን ዕድሜ በሰዓት የቆጠረ? በዚያ ዘመን ሕፃን በብዛት ይሞት ስለነበር ወላጅ ብዙም አያዝንም ነበር የሚል ሐሳብ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይህን ድንጋይ ያየ ሰው እንዲህ አይናገርም። ልጁ የተወለደበትን ሰዓት ያስታወሰ፣ የሞተበትንም ሰዓት የያዘ፣ በመካከሉ ያለውን ቆጥሮ በድንጋይ ያስቀረጸ አባት ወይም እናት አለ።

ለፈላጊው ደግሞ ሰዓቷ ሥራ ትሠራለች። ዊልያም የሞተበት ጃንዋሪ በአሮጌው የእንግሊዝ አቆጣጠር የ1747 ነው፤ ዛሬ በምንቆጥረው የፈረንጅ ዓመት ግን 1748። ከዚያ 2 ዓመት ከ11 ወር ከ16 ቀን ሲቀነስ ፌብሩዋሪ 1745 አጋማሽ ላይ ያደርሳል። ያም ፌብሩዋሪ በአሮጌው አቆጣጠር 1744 ተብሎ የሚጻፍ ነው። ክርስትናውን የሚፈልግ ሰው እንግዲህ የ1744ን ቅጠል መጨረሻ መግለጥ አለበት፤ 1745 ላይ ብቻ ቢፈልግ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

ይህን ሁሉ ወደ ጄምስ ሥራና ቤት ስንመልሰው አንድ ነገር ይሰጠናል። ከ1737 እስከ 1765 ያሉት ቀብሮች ሁሉ በአንድ አጥቢያ ናቸው። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ስቴይንተን፣ ሞርተን፣ ማርተን፣ ኤይተን እያለ ሲዘዋወር የነበረ ቤተሰብ ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ቦታ ረጋ። የቀን ሠራተኛ ሥራውን ተከትሎ ይሄዳል፤ የረጋ ሰው የሚያረጋው ነገር አግኝቷል ማለት ነው። መዝገቡ «ሃይንድ» የሚለውን ቃል ባይጽፍም፣ የቀብሮቹ መደርደር ያንኑ ይናገራል።

በጉበኑ ላይ ሦስት ፊደል

በ1755 ግሬት ኤይተን ውስጥ ባለ ቤት ጉበን ላይ የጄምስ፣ የግሬስና የኩክ የመጀመሪያ ፊደሎች ከዓመቱ ጋር ተቀረጹ። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ግን የራስ ቤት ነው።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት የዘመኑን የድሆች ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። ከ1662ቱ ሕግ ጀምሮ እያንዳንዱ ድሃ «የእኔ» የሚለው አንድ አጥቢያ ሊኖረው ይገባል። ቢታመም፣ ቢያረጅ፣ ሥራ ቢያጣ የሚረዳው ያ አጥቢያ ብቻ ነው፤ ሌላው አጥቢያ መርምሮ ወደዚያው ሊያባርረው ይችላል። በእንግሊዝ የዘር ፍለጋ ውስጥ ከክርስትናና ከጋብቻ መዝገብ ቀጥሎ ሀብታም የሆኑት ወረቀቶች የዚህ ሕግ ልጆች ናቸው፤ ሰው ቀርቦ «የት ተወለድህ? ለማን ተቀጥረህ ሠራህ? ለስንት ጊዜ?» ተብሎ የተጠየቀበት ምርመራ፣ የመባረር ትእዛዝ፣ የድሆች ረዳቶቹ ሒሳብ። ከስኮትላንድ የመጣ፣ ያገባ፣ በቀን ምንዳ የሚኖር ሰው በዚህ ሕግ ፊት እግሩ የሚቆምበት መሬት አልነበረውም። የራሱ ቤት ያለውን ሰው ግን ከገዛ ቤቱ አንሥቶ የሚያባርረው አጥቢያ የለም። ጄምስ ከስድሳ ዓመቱ በኋላ ስሙን በጉበን ላይ ያኖረው በዚህ ዓይን ሲታይ፣ ኩራት ብቻ ሆኖ አይታየኝም።

ቤቱ ከመዝገቡም ሩቅ ተጉዟል። በ1933 ለሽያጭ ሲቀርብ ራስል ግሪምዌድ የተባለ የሜልበርን ነጋዴ በ800 ፓውንድ ገዛው። በየድንጋዩ ቁጥር ተጽፎበት፣ በ253 ሣጥንና በ40 በርሜል ታሽጎ፣ ፖርት ደኒዲን በምትባል መርከብ ወደ አውስትራሊያ ተጫነ፤ በ1934 በፊትዝሮይ ገነት ውስጥ መልሶ ተገጠመ። ግሬት ኤይተን ላይ ቤቱ በነበረበት ቦታ ከአውስትራሊያ ጠረፍ የመጣ ድንጋይ ቆሟል።

ለረጅም ጊዜ ሕዝቡ «የካፒቴን ኩክ ቤት» ይለው ነበር። ቀኑን ለተከተለ ሰው ይህ ሊሆን አይችልም። ካፒቴኑ ከቤት የወጣው በ1745 ነው፤ መጀመሪያ ስቴይዝ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ሱቅ ውስጥ፣ ከዚያ ዊትቢ ላይ በመርከብ። በጉበኑ ላይ ዓመቱ በተቀረጸበት በ1755 ደግሞ ጁን ላይ ለባሕር ኃይል ፈርሞ ነበር። ወላጆቹን ሊጠይቅ ገብቶ አድሮበት ይሆናል እንጂ ቤቱ ያደገበት አይደለም። ዛሬ ሜልበርን ላይ ስሙ «የኩኮች ቤት» ተብሎ ተስተካክሏል፤ ጄምስና ግሬስ ቤታቸውን መልሰው አገኙ።

ሬድካር

ግሬስ በ1765 ከሞተች በኋላ ጄምስ ጥቂት ዓመት ኤይተን ቆየ። ካፒቴኑ ከመጀመሪያው ጉዞው ተመልሶ በ1771 መጨረሻ ከሚስቱ ከኤልሳቤጥ ጋር መጥቶ ጠይቆታል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ወደ ልጁ ወደ ማርጋሬት ሄደ፤ እርሷ ጄምስ ፍሌክ የተባለ ዓሣ አጥማጅ አግብታ ሬድካር ትኖር ነበር።

ሬድካር በዚያን ጊዜ የራሷ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አልነበራትም። ለዚህ ነው ሬድካር የሞተ ሰው ማርስክ የተቀበረው። መዝገብ ላይ ያለው የቦታ ስም የቤተ ክርስቲያኑ ነው እንጂ የቤቱ አይደለም። «አያቴ የማርስክ ሰው ነበር» ብሎ የሚጽፍ የልጅ ልጅ ልክም ነው፣ ስሕተትም ነው።

ሽማግሌው በዚህ ዕድሜው የልጁን ጉዞ ታሪክ ለማንበብ ሲል ፊደል ቆጠረ ይባላል። በሌላ በኩል የኤይተኑን የመቃብር ድንጋይ በገዛ እጁ ቀረጸው የሚል ወግ አለ። ሁለቱ ወጎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ በሰማንያ ዓመቱ ማንበብ የጀመረ ሰው አስቀድሞ ያን ሁሉ ፊደልና ቁጥር እንዴት ቀረጸ? እርግጥ ፊደል ሳያውቅ ከናሙና እያየ የሚቀርጽ ግንበኛ አለ። ይህን ለመፍረድ የሚጠቅመው ፊርማ ነበር። በእንግሊዝ ሙሽሮችና ሁለት ምስክሮች በጋብቻ መዝገብ ላይ እንዲፈርሙ የታዘዘው ግን ከማርች 1754 ጀምሮ ነው። ጄምስ ያገባው ከዚያ 28 ዓመት በፊት ነው። ማርጋሬት የተወለደችው በ1742 ስለሆነ የእርሷ ጋብቻ ያለ ጥርጥር ከአዲሱ ሕግ በኋላ ነው፤ መፍረም የማይችል ሰው የመስቀል ምልክት የሚያደርግበት መዝገብ። ለአባት እጅ ዱካ እኔ የምፈልገው በልጆቹ ሠርግ ላይ፣ በምስክሮቹ ቦታ ነው።

የማርስኩ ቀብር መስመር ዕድሜንና ሥራን መያዙ ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ዊልያም ዴድ የተባለ የዮርክሻየር ቄስ መዝገብ ከስምና ከቀን የበለጠ እንዲናገር፣ ዕድሜን፣ ሥራን፣ የሞት ምክንያትን፣ አያቶችን ጭምር እንዲይዝ በብርቱ ይሰብክ ነበር። በ1777 የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ማርካም ይህ አያያዝ በሀገረ ስብከቱ እንዲስፋፋ አደረገ። ዘር የሚፈልጉ ሰዎች እነዚህን መዝገቦች እስከ ዛሬ በዴድ ስም ይጠሯቸዋል። ጄምስ የተቀበረው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። 85 የምትለዋ ቁጥር ባትኖር ኖሮ ኤድናም የሚያደርሰን ክር በእጃችን አይገባም ነበር።

«የቀን ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ማን አቀበለው? ሽማግሌውን ማርስክ ላይ እንደ እርሻ ኃላፊ የሚያውቀው አልነበረም። ቄሱ ያገኘው ከሴት ልጁ ቤት የሚኖር፣ እጁ የደነደነ አንድ የገጠር ሽማግሌ ነው። ስለ ሥራው የተጠየቀው ቤተሰብ ምናልባት ዓሣ አጥማጁ አማች ነበር፤ በእርሻ ሥራ ሲደክም የኖረ ሰው ነው ብሎ በአጭሩ የመለሰ ይመስለኛል። በኤይተን ሃያ ስምንት ዓመት፣ በጉበን ላይ ያሉት ፊደሎች፣ ስኮቶው የከፈለለት ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ከአጥቢያው ድንበር ማዶ ቀርተዋል።

ጄምስ ሲሞት ኤፕሪል 1779 ነበር። ካፒቴኑ ከእርሱ በፊት ፌብሩዋሪ 14 ቀን በሃዋይ ኬያላኬኩዋ የባሕር ወሽመጥ ተገድሏል። ወሬው ለንደን የደረሰው ጃንዋሪ 1780 ነው፤ ሽማግሌው ማርስክ ከተቀበረ ዘጠኝ ወር ሆኖት ነበር።